አሸዋ ላይ የተሠራው አምባ

መጋቢት 2 ቀን 1967፣ መካነ ሰላም

ወርቂቱ የመቶ አለቃውን ጦር በላችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ከመቶ አለቃ ፈንታሁን ጋር የጦርነት ጨዋታ እንጫወታለን። እሱ ከጥምቀት በኋላ ወታደሮቹን ይዞ ከደሴ መጥቶ በትምህርት ቤታችን ግቢ ሰፍሯል። መኮንንነት ሲማር በአሸዋ ሣጥን ላይ ኮረብታና ወንዝ እየሠሩ ጦር ያሰልፉ ነበር፤ ያንን ወደ ጨዋታ ለውጦታል። በአራተኛ ክፍል ጠረጴዛ ዙሪያ ሳንቃ መታን፣ የወንዝ አሸዋ ሞላንበት። የእሱ ወታደሮች ባቄላ፣ የእኔ አተር ነበሩ።

ዛሬ ጠዋት ስንገባ አተሩ እንደ ተሰለፈ ነው፤ ባቄላው የለም። ክፍሉን የምትጠርገው ወርቂቱ በር ላይ ቆማለች። አምና ከተራቡት ጋር ከአጅባር በኩል መጥታ፣ ሌሎቹ ሲመለሱ የቀረች ሴት ናት።

«ባቄላው የት ሄደ?» አላት።

«ቆላሁት ጌታዬ።»

«አተሩንስ ለምን ማርሽው?»

«የመምህሩ ነው ብዬ።»

መቶ አለቃው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «እንዲህ ያለ ሽንፈት ገጥሞኝ አያውቅም! ጦሬ ተቆልቶ አለቀ!» እኔም ሳቅሁ። እሷም የሳቀች መሰለኝ። ሁለት ልጆቿ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ተቀብረዋል። ስማቸውን ጠይቄያት አላውቅም።

መጋቢት 5

ከእንግዲህ እህል አይሰለፍም ተባባልን። ወርቂቱ ከጅረቱ ዳር ሸክላ አፈር አመጣች። አውራ ጣት የሚያካክሉ ሰዎች ሠርተን በፀሐይ አደረቅናቸው። የእሱን ጥላሸት፣ የእኔን አመድ ቀባናቸው።

«ዐይን አታበጁላቸውም?» አለች ወርቂቱ።

«ዐይናቸው እኛ ነን» አላት መቶ አለቃው።

«እንግዲያ አብሽሩ» አለች፤ ሸክላዎቹን መሆኑ ነው።

ሕጉን እዚህ ልጻፈው፤ መቶ አለቃው ሲሸነፍ ይረሳዋልና። ሜዳ ላይ ሰው አንድ ስንዝር ይሄዳል፣ ዳገት ላይ አንድ ጋት። የተራመደ በዚያው ተራ አይተኩስም። ለመተኮስ ከራስ እስከ ራስ ክር ይወጠራል፤ ክሩ አሸዋ ከነካ ኢላማው አይታይም ማለት ነው። ከዚያ ባለ ስድስት ገጿ የሉዶ ጠጠር ትጣላለች። ገላጣ ላይ የቆመ በአራትና ከዚያ በላይ ይወድቃል፤ ድንጋይ የተከለለ በስድስት ብቻ። ከአንድ ወገን ሲሶው ከወደቀ ለቀሩት የልብ ጠጠር ይጣላል። አንድ ወይም ሁለት ከመጣ ይሸሻሉ።

መጋቢት 9

ዛሬም አሸነፍሁት። ስህተቱ አንድ ነው፤ ከፍታ ካየ ይወደዋል። ሁሉንም ሰው ይዞ ወደ ኮረብታው ይወጣል፤ ዳገት የሚወጣ ሰው ደግሞ የሚሄደው በጋት ነው። እኔ ሦስት ሰው ድንጋይ ከልዬ ከፊቱ አስቀምጥና እያስተኮስሁ አቆየዋለሁ። ዐይኑ እነሱ ላይ ሲተከል የቀሩትን በወንዙ ቦይ ውስጥ፣ ክር በማያገኛቸው በኩል አዞራቸዋለሁ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ግን ማንም አይሞትበትም። ሁለት ሰው ደግሞ ምንጊዜም ከኋላ አስቀራለሁ። እሱ ሁሉንም አንድ ላይ ያሰልፋል፤ ነገር ሲበላሽ የሚልከው የለውም።

«መምህር፣ እርስዎ በሕይወትዎ ጥይት ተኩሰው ያውቃሉ?» አለኝ ስንጀምር።

«አላውቅም።»

ስንጨርስ «ገደልኸኝ እኮ አንተ ሰው!» አለ።

ሲያሸንፍ አንቱ ይለኛል፣ ሲሸነፍ አንተ። አሁን አሁን አንተ መባል ለምጃለሁ።

መጋቢት 11

ካሳ ዝጎራ አምባ ወጣ። ከፊታውራሪ ሞላ ጋር። ጠብመንጃ ይዞ።

መጋቢት 12

ትናንት መጻፍ አልቻልሁም። ካሳ የባለቤቴ የአልታዬ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት እሷ አሳደገችው፤ ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ ነኝ። በኋላ ፊታውራሪው ቤት አሽከር ሆኖ ገባ። የመሬት አዋጁ ሲነገር ፊታውራሪው መሬቴን አላስነካም ብሎ ሸፈተ፤ አሽከሮቹ ተከተሉት።

«የሱ ላልሆነ መሬት!» አለች አልታዬ። «አንድ ጥማድ እንኳ የለው። አዋጁ ለሱ ነበር እኮ የሚሰጠው!»

ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ሽሮ ሠራች።

መጋቢት 14

መቶ አለቃው ክር እየወጠረ «ዝጎራ ላይ ተምረዋል አሉ፤ ቅኔ ነው?» አለኝ።

«ቅኔ አይደለም። ዳዊትና ጾመ ድጓ። ልጅ ሳለሁ።»

«መንገዱ እንዴት ነው?»

«በር አንድ ነው፣ በምሥራቅ በኩል። ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

ይህ እውነት ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው በር አንድ ነው።

ዛሬ አዲስ ሕግ አቀረብሁ። የተከበበና ማፈግፈጊያ የሌለው ሰው ከመተኮስ በፊት እጅ ስጥ ይባላል። ጠጠሯ ሦስትና ከዚያ በላይ ካመጣች ከነሕይወቱ ከጠረጴዛው ይወጣል።

«ምን ያደርግልናል?» አለ።

«ጨዋታውን እውነተኛ ያደርገዋል።»

«እውነተኛው እንኳ…» ብሎ ተወው። ቆይቶ «ለጨዋታው ይሁን» አለ።

ስለ ካሳ አላነሣም። እኔም አላነሣሁም። የሚያውቅ አይመስለኝም።

መጋቢት 17

«የሚያውቁትን አገር ይሥሩልኝ፤ እኔ የምሠራው ኮረብታ ሁሉ አንድ ዐይነት ሆነ» አለኝ። አምባ ሠራሁ። ማንኛውም አምባ ነው አልሁት። በምሥራቅ ጠባብ መውጫ፣ ሌላው ዙሪያው ገደል፣ ላዩ ገላጣ። ቤተ ክርስቲያኑን በክብሪት ቀፎ፣ ምንጩን በጠርሙስ ክዳን አደረግሁ። አሸዋው ውሃ ሲነካ ገደል ሆኖ ቀጥ ይላል። ደስ ይላል።

ወርቂቱ ስትጠርግ ቀና ብላ «ዝጎራ» አለች።

«የት ታውቂዋለሽ?»

«ለልመና ወጥቼበታለሁ። ሰጥተውኛል።»

መቶ አለቃው ሲጋራ ይለኩስ ነበር። አልሰማ ይሆናል።

መጋቢት 20

መጀመሪያ እኔ ጠበቅሁ፣ እሱ አጠቃ። በሩ ላይ አለቀ። ከዚያ ተለዋወጥን። እሱ ጠበቀ፣ እኔ አጠቃሁ። ሁለት ጊዜ ተሸነፍሁ። በር ላይ ሁለት ሰው ድንጋይ አስከልሎ ያስቀምጣል፣ የቀሩትን ምንጩ ጋ ያሳርፋል። መውጫው ላይ ከአንድ ሰው በላይ ጎን ለጎን አይቆምም። የእኔ ሰዎች በጋት በጋት እየወጡ አንድ በአንድ ይወድቃሉ። የሚዞርበት ቦይ የለም።

«መምህር ምነው ደከሙ? እርስዎም እንደኔ በደረት ነው ለካ የሚወጡት!» አለ። ለወታደሮቹም ነገራቸው መሰለኝ። ስወጣ አንዱ ዘበኛ ለሌላው «ሸክላ ፈጁ የተባሉት እሳቸው ናቸው» ሲል ሰማሁ።

ቤት ገብቼ አልበላሁም። አልታዬ የጾሙ ነገር መሰላት።

መጋቢት 22

ዛሬ አሸነፍሁት።

ሳንጀምር በምዕራብ በኩል ገደሉን በጥፍሬ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅሁት።

«ምንድን ነው ይህ?»

«ስንጥቅ።»

«ትናንት አልነበረም።»

«ነበረ፤ አላየነውም እንጂ።»

ዝጎራ ላይ ተማሪ ሳለን የምንበላው በልመና ነበር። በበሩ በኩል ስንወርድ ከሥር ያለው መንደር ውሾች ይጠብቁናል፤ የብዙ ልጅ ባት ተዘንጥሏል። ከኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች በምዕራብ ያለውን ስንጥቅ አገኙ። ጀርባን በአንዱ ግድግዳ፣ እግርን በሌላው ተክሎ፣ አኩፋዳውን በጥርስ ነክሶ መውረድ ነው። የውሻ መንገድ እንለው ነበር። ለመምህራን አይነገርም፣ ለቄስ አይነገርም፤ ትልቁ ተማሪ ለትንሹ ያሳየዋል፣ አለቀ። ኋላ ተማሪም ጠፋ። ከተማሪ ውጭ የነገርሁት አንድ ሰው ነው። ካሳ ልጅ ሳለ ማታ ማታ እንደ ተረት አወራለት ነበር።

ስድስት ሰው በሩ ሥር አስቀመጥሁ። እንዲወጡ አይደለም፤ ድንጋይ ተከልለው ሲተኩሱ እንዲውሉ ነው። አራቱን በስንጥቁ ላክሁ። ክር አያገኛቸውም። መቶ አለቃው በሩ ላይ ሰው ሲወድቅበት ምንጩ ጋ ያሉትን ወደዚያ አዛወረ፤ ልክ እንደ ጠበቅሁት። ገደል ራሱ ዘበኛ ነው ብሎ ነው። የኔ አራቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ብቅ ሲሉ ፊቱን ወደነሱ ያዞረ ሰው አልነበረውም። ልቡ ወደቀ። የቀሩትን እጅ ስጡ አልኋቸው፤ ሁሉም ሰጡ። ከኔ የወደቀው አንድ ነው።

መቶ አለቃው አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ዐይኑን ከስንጥቁ ጋር አስተካክሎ ቆየ።

«መቼ ነው የሚወጡበት?» አለ።

«ምኑን?»

«ቀኑን። ሰዓቱን።»

ጠረጴዛው ላይ ቀን የለም። ግን ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ ጥሩ ጥያቄ ሲቀርብልኝ መመለስ የመምህርነት ልማዴ ነው።

«የፋሲካ ሌሊት፣ ሊነጋ ሲል» አልሁት። «ሁለት ወር የጾመ ሰው ሥጋና ጠላ ሲያገኝ ዘበኛውም ይተኛል።»

«በእርግጥ አለ? ስንጥቁ?»

«ጨዋታ ነው» አልሁት።

«አዎ፣ ጨዋታ ነው» አለ። እጄን ጨበጠኝ። «አስተማርኸኝ።»

መጋቢት 23

ጥሩ ጨዋታ ነበር። ሌላ የምጽፈው የለም።

መጋቢት 27፣ መድኃኔዓለም

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አልታዬ ጠየቀችኝ።

«አብራችሁ ስትውሉ መቶ አለቃው ስለ ዝጎራ አያነሣም?»

«አያነሣም።»

«ታዲያ ምን ታወራላችሁ?»

«ስለ ጨዋታው።»

«ብትለምነውስ? አንተን ይወድሃል አሉ። ልጅ ነው በለው። ተከትሎ ነው በለው።»

«ጊዜውን አይቼ» አልኋት።

ውሸት አልተናገርሁም።

ሚያዝያ 4

ክፍሉ ተቆለፈ። ቁልፉ መቶ አለቃው ዘንድ ነው። «ለጊዜው ነው መምህር» አለኝ ዘበኛው። በመስኮቱ ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ፤ አምባው እንዳለ ነው። አንድ ሰው ማስመሪያ አጠገቡ ትቷል።

ወርቂቱ የምትለው፦ አራት ወታደሮች ድንጋይ ከሚፈለጥበት ገደል እየሄዱ፣ ጀርባቸውን ደግፈው ይወጣሉ ይወርዳሉ።

«ምን መሆናቸው ነው ጋሼ? እንደ ዝንጀሮ።»

ስፖርት ነው አልኋት።

ዐይኔን አየችኝና መጥረጊያዋን አነሣች።

ሚያዝያ 9

ዝናብ። አልታዬ ገበያ ዋለች። ጤፍ ጨምሯል።

ሚያዝያ 11

መቶ አለቃውን ስንጥቁ በናዳ ተዘግቷል ብለውስ? ከየት አወቅህ ይለኛል። ጨዋታ ነው ብዬዋለሁ።

ደግሞም ሕጉ አለ። እጅ ስጡ ይባላሉ። የተኛ ሰው አይተኩስም፤ የማይተኩስን ሰው ማን ይተኩስበታል? እንዲያውም ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። በበሩ ቢመጡ ነው ሰው የሚያልቀው። ይህን ለአልታዬ ባስረዳት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ከመጀመሪያው መጀመር ሊኖርብኝ ነው።

ሚያዝያ 17

የዝጎራው አባ ወልደ ሚካኤል ለፋሲካ ጧፍና ስንዴ ሊገዙ ወረዱ። ወታደሮቹ ይፈትሿቸዋል እንጂ ካህን አይከለክሉም። ቤታችን ጎራ ብለው ውሃ ጠጡ። አልታዬ ለካሳ በሶ ቋጠረች። እስከ መንገዱ ሸኘኋቸው።

ልነግራቸው አላሰብሁም ነበር። የከተማው ጫፍ ስንደርስ በቅሏቸውን ያዝሁ።

«አባ፣ ለካሳ እንዲህ በሉልኝ። የፋሲካ ሌሊት የውሻውን መንገድ አይርሳ።»

«የምን ውሻ ልጄ?»

«እሱ ያውቀዋል።»

«ውሻ እንኳ አልቋል፤ ሰው ሲራብ ውሻ ይተርፋል?» አሉና ሄዱ።

ስለ መቶ አለቃው ምንም አልተናገርሁም። ማንንም አልከዳሁም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዛሬ እንቅልፍ የሚወስደኝ ይመስለኛል።

ሚያዝያ 18

ወሰደኝ።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ወታደሮቹ ሲመሽ ወጡ። መብራት አልያዙም። አልታዬ ቄጠማ እየጎዘጎዘች ነበር፤ አላየችም።

ሚያዝያ 26፣ ፋሲካ

ዶሮ አልተገኘም። አልታዬ እንቁላልና ጥቂት ሥጋ ሠራች። የካሳን ድርሻ በጣባ አስቀምጣ ከደነችው። ወርቂቱን ጠራናት፤ በልታ ጣቷን ጠረገች። «ለሱ ያስቀመጥሽው ይበላሻል» አለቻት። «ይበላሽ» አለች አልታዬ።

ሥጋው ጨው በዝቶበታል።

ሚያዝያ 27

ዝጎራ ተያዘ። ፊታውራሪውና ሰዎቹ እጃቸውን የፊጥኝ ታስረው በገበያው መሐል አለፉ። አንዳቸውም አልቆሰሉም። አልታዬ ከፊት እስከ ኋላ ሮጠች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሮጠች። ከታሳሪዎቹ አንዱ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀላት።

ሚያዝያ 28

መቶ አለቃው ቁልፉን ሊመልስ መጣ። ክፍሉን ከፍቶ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ። ጢሙን አልተላጨም።

«ልክ እንደ ጠረጴዛው ነበር» አለ። «አራት ሰው በስንጥቁ ወጣ። ሁሉም በልተው ጠጥተው ተኝተዋል። አንድ ሰው ሲቀር።»

ዐይኔን አሸዋው ላይ ወዳለው ስንጥቅ መለስሁ።

«ስንጥቁ አፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ነቅቶ። ሥጋው አጠገቡ በቅጠል ተሸፍኗል፤ አልነካውም። ከተማረኩት ሰዎች እንደ ሰማሁት፣ ብሉ ጠጡ፣ እኔ እጠብቃለሁ ብሏቸዋል። መንገዱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብሎ። የመጀመሪያው ሰዬ ራሱን ብቅ ሲያደርግ ተኮሰበት፤ ትከሻውን አገኘው። ሁለተኛው እሱን አገኘው።»

«እጅ ስጥ ተባለ?»

«ጠረጴዛ ላይ ጊዜ አለ መምህር።»

«ሌሎቹስ?»

«በተኩሱ ባነኑ። ግማሹ ጠብመንጃው የት እንዳለ አላወቀም። እጅ ስጡ አልናቸው፤ ሰጡ። ሁሉም።» ከሸክላዎቹ አንዱን አነሣ፣ አመድ የተቀባውን፣ መልሶ አስቀመጠው። «የባለቤትዎ ወንድም መሆኑን አውቃለሁ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ አልጠየቅሁትም።

በር ላይ ሲደርስ ዞረ። «እርስዎ ሲያሳዩኝ እዚያ ቦታ ላይ ዘበኛ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«ማን ነግሮት ይሆን?»

«እንጃ» አልሁ።

«እንጃ» አለ እሱም። የሉዶዋን ጠጠር ከኪሱ አውጥቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠልኝና ሄደ። እስከ መጨረሻው አንቱ እንዳለኝ ነው።

ግንቦት 1

ለቅሶው አላለቀም። ከዝጎራ አባ ወልደ ሚካኤል መጡ። ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ለአልታዬ ነገሯት።

«ባልሽ ልኮበት ነበር። አደራውን አድርሻለሁ፤ ልጁም ሰምቶ ነበር። ቀኑ ደርሶ ነው።»

አልታዬ ተነሥታ መጣች። ከወንበሬ ሥር ወድቃ ጉልበቴን ሳመችኝ። «እኔ ደግሞ ዝም አለ ብዬ በልቤ ስረግምህ!» አለች። «አንተ ልታድነው ላክህበት! እኔ እህቱ ቁጭ ብዬ ቄጠማ ስጎዘጉዝ!» ላነሣት ጎንበስ አልሁ፤ ከባድ ናት። ሴቶቹ ጮኹ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ «አማች ማለት እንዲህ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ሌላው «በዚህ ዘመን!» አላቸው።

የሚያለቅስን ሰው አያቋርጡትም።

ወርቂቱ ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰው ሲቀልል መጥታ «የጠረጴዛውን አሸዋ ልድፋው ጋሼ?» አለችኝ።

«ምን አስቸኮለሽ?»

«እንዲያው ነው።»

«ተይው» አልኋት።

ግንቦት 6

አልታዬ ከሁሉ በፊት ለኔ ታቀርባለች። ስበላ ቆማ ታየኛለች። ከዚህ በፊት እንዲህ አታደርግም ነበር። ሌሊት እጄን ይዛ ነው የምትተኛው። እጄ ይደነዝዛል፤ አላወጣውም።

ግንቦት 13

መቶ አለቃው መጣ። ተላጭቷል። ክፍሉ ውስጥ ሆኜ የልጆቹን አሮጌ ደብተሮች እለይ ነበር።

«በከላላ በኩል ሌላ ሰው ሸፍቷል» አለ። «አምባ አይደለም፤ ገደል ዳር ያለ ዋሻ ነው። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች አሉት።»

«ያን አገር አላውቀውም።»

«አውቃለሁ እንደማያውቁት። እኔ የሚያውቅ ሰው ጠይቄአለሁ። እነግርዎታለሁ፣ እርስዎ ይሠሩታል። ለጨዋታው።»

«ሐዘን ላይ ነኝ» አልሁት።

«ይገባኛል። ይደሩ፣ ይሰንብቱ።»

አልሄደም። በመዳፉ የዝጎራን አምባ ከምሥራቁ ወደ ምዕራቡ ጠረገው። ክብሪት ቀፎው ተገለበጠ። አሸዋው ደርቋል፤ በአንድ መዳፍ ሜዳ ሆነ። በጣቱ አንድ መስመር አሰመረ። «ይህ ገደሉ ነው። ዋሻው እዚህ። ፊቱ ገላጣ፣ ጀርባው አለት። በገላጣው ብመጣ ያልቁብኛል። ከላይ በገመድ ብወርድ ከአፉ ያዩኛል። ሁለት ጊዜ አስቤበት አቃተኝ።»

ወርቂቱ በር ላይ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማለች። እኔን ነው የምታየው።

ገላጣው ችግር አይደለም። ዋሻ ውስጥ ያለ ሰው ፊቱን እንጂ ጎኑን አያይም፤ ክሩ አይወጠርለትም። ሃያ ሰው ደግሞ ያለ ውሃ ሦስት ቀን አይቀመጥም።

«ውሃ የሚቀዱት በየት በኩል ነው?» አልሁት።